የእናቴ ዱባና የሐቦባ ሪሃን

ዛሬ ጠዋት ከሱቃችን በስተኋላ ባለችው ጠባብ ግቢ አትክልቱን ውሃ ሳጠጣ ቀሚሴ ሪሃኑን አሸት አድርጎት አለፈና ሽታው ብድግ ብሎ ፊቴ ላይ መጣ። እኛ በሶብላ የምንለውን ነው ሱዳኖች ሪሃን የሚሉት፤ እኔ ግን ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከእነሱ አፍ ስለሆነ እስከ ዛሬ ሪሃን እላለሁ። እዚህ ሱዳን ገዳሪፍ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር እንደ ሊጥ እግር ይይዛል፣ ከእህል ገበያው በኩል ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ጥሩምባና የሎሪው ጩኸት ከጎህ ጀምሮ አያርፍም፤ ያ ሁሉ እያለ አንዲት ቅጠል ስትታሽ ሰው በቆመበት ቆሞ ሌላ አገር ይደርሳል።

ልጄ ሀያት ስልኳን ይዛ ከኋላዬ ወጣች። ከግንቡ ሥር የተከልኩት ዱባ ሐረጉ ሽቦው ላይ ወጥቶ ጎህ ሲቀድ ሁለት አበባ ከፍቷል፤ ትልልቅ፣ ቢጫቸው ዓይን የሚወጋ፣ ውስጣቸው ገና ጤዛ ያለባቸው። ሀያት ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ስለሆነ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እንደ ፌንጣ ትዘላለች።

“እማ፣ ዘወር በይልኝ ላንሳው።”

“መጀመሪያ ማሻአላህ በይ።”

“ማሻአላህ፣ ማሻአላህ። ኸላስ፣ በቃ?” አለችና መልሴን ሳትጠብቅ አነሳችው።

ለጓደኞቿ ሁሉ ልትልከው ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከሰላ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ልትማር ስለሆነ ሰሞኑን የቤታችንን ነገር ሁሉ እያነሳች ትሰበስባለች፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው የከሰላ ጉዳይ ነው። ያቺ አበባ በስንት ሰው ዓይን እንደምትታይ ሳስብ እጄን ባየው የቶቤን ጫፍ ከትከሻዬ አውርዶ ወደ አበባዋ ተዘርግቷል። ቶብ የዚህ አገር ሴት ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የምትጠቀለልበት ረጅም ጨርቅ ነው። የእኔው ቡናማ ነው፤ በእጄ ላይ ያየሁት ግን ነጭ አበባ ያለበትን ያንን አሮጌ ሰማያዊ ቶብ፣ የእናቴን ነው።

ያደግሁት ቁረይሻ ነው፤ ከድንበሩ ወዲህ፣ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋበት አገር። አባቴ ለአራሚዎችና ለአጫጆች ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ የሚሸጥባት አንዲት ትንሽ ዱካን ነበረችው፤ ሠራተኛው ሥራ ሳይገባ ስለሚገዛ ጎህ ሲቀድ ሰግዶ ይወጣና የሚመለሰው ከቀትር በኋላ፣ ዐስር ተሰግዶ ነው። ቤታችን የሣር ጎጆ፣ ከፊቱ ራኩባ የሚሉት ባለ አራት ቋሚ ጥላ፣ ከጥላው ሥር ዚር የሚባለው ትልቁ የውሃ እንስራ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በማሽላ አገዳና በእሾህ የታጠረች የእናቴ የጓሮ አትክልት ነበረች። ባምያ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ድንብላል፣ ከሁሉ በላይ ግን ዱባ። በጳጉሜ አካባቢ ሰሊጡ ሲያብብ ሜዳው ሁሉ ከሩቅ ነጭ ጉም የተኛበት ይመስላል፤ ጠዋት ጠዋት ከዚያ በኩል የሚመጣው የንብ ድምፅ ደግሞ ሌላ ሰፈር ያለ ወፍጮ እንደሚፈጭ ያለ ነው፤ ሲኖር አይሰማም፣ ሲቆም ነው የሚሰማው።

እናቴ ጅብ አትፈራም ነበር። ድንበር ላይ ወረቀት የሚጠይቀውን ወታደርም አትፈራም፤ ቆማ ትከራከረዋለች። የምትፈራው ሁለት ነገር ነው፤ የሰው ዓይንና ንብ። ንቡን በእኔ ምክንያት ነው የፈራችው። ገና ድክ ድክ ስል የዚሩን እርጥብ ጎን ልዳብስ ብዬ ውሃ ሊጠጣ የተቀመጠ ንብ ነድፎኝ ፊቴ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ዓይኔ ጠፋ፣ ትንፋሼም ያፏጭ ጀመር፤ አቅፋኝ በሎሪ ገዳሪፍ ድረስ ሄደች። መንገዱን ሁሉ “አትተኚ፣ አትተኚ” እያለች ስትንጠኝ እንደነበር ስትናገር እንባ ይቀድማት ነበር። እኔ የማስታውሰው ሾፌሩ የሰጠኝን ብስኩት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ንብ ባየች ቁጥር ኩበት አጭሳ ግቢውን ታፍነዋለች፤ ዝንቡም ንቡም እኛም አብረን እናስላለን።

ስለ ዱባው ልንገራችሁ። እናቴ ከአገሯ ከጭልጋ አባቴን ተከትላ ስትወጣ ይዛው የመጣችው ነገር ብዙ አልነበረም፤ ከሁሉ የምትሳሳለት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው የእናቷ የዱባ ዘር ነው። ሱዳን ዱባ አልጠፋም፣ በገበያው ተከምሮ ይሸጣል። የእሷ ግን ሌላ ነው፤ ቆዳው አመድማ አረንጓዴ፣ ጎኑ ሸንተረር ሸንተረር ያለው፣ ሲቀቀል ውሃ የማይተፋ፣ ሲቆረስ እንደ ዳቦ የሚፈረፈር። በየክረምቱ ትዘራለች፣ ከሚበላው ላይ ዘሩን አጥባ በጥላ አድርቃ በአመድ ለውሳ ቅል ውስጥ ታስቀምጣለች። የምነግራችሁ ክረምት ላይ ግን ቅሉን አይጥ አገኘው። ስትገለብጠው የወደቀው ዘር መዳፏንም አልሞላ። “ከእንግዲህ አይጥ ቤት አላስቀምጥም” ብላ ተናዳ ሁሉንም በአንድ ቀን ዘራችው፤ አፈር ካለበሰችው በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ይህ ዱባ ፍሬ ካልያዘ የእናቷ ዱባ እዚያው ያበቃል። ጭልጋ ሄዶ የሚያመጣልን ሰው የለም፤ እናቷም ካረፈች ቆይታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ያቺን ሐረግ የምታያት እንደ ዱባ ሳይሆን እንደ ታማሚ ልጅ ነበር።

በዚያው ክረምት ደግሞ በሰፈሩ ጫፍ ውሃ የሚስብ ሞተር ተተከለ፤ ዶንኪ ይሉታል። ወደ ዶንኪው የሚወስደው አዲስ መንገድም በአጥራችን ጥግ ሆነ። በፊት ጓሯችንን የሚያየው ሰማይ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ከጠዋት እስከ ቀትር የሰው ሰልፍ ያልፋል፣ ሁሉም አንገቱን መዘዝ አድርጎ በእሾሁ ላይ ያያል። ከሁሉ የሚብሱት ዐም ኢድሪስ ነበሩ። ዐም ማለት አጎት ማለት ነው፤ በአህያ ጋሪ ውሃ እያዞሩ የሚሸጡ፣ ልጅ የሚወዱ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ብቸኛው ጥፋታቸው ማድነቅ ነው። የጎረቤታችንን ፍየል አድንቀው ፍየሏ በሳምንቱ ሞተች። የእኛን ዚር አድንቀው ዚሩ ተሰነጠቀ። ፍየሏ ላስቲክ ውጣ መሞቷን፣ ዚሩንም እኔ በድንጋይ መምታቴን አባቴ ቢናገርም የሚሰማው አልነበረም።

መጀመሪያ የከፈተውን የዱባ አበባም ያዩት እሳቸው ናቸው። ጋሪያቸውን አቁመው በአድናቆት፣ “ያ ሰላም፣ ይህ አበባ ነው ወይስ ፀሐይ ከዚህ ነው የምትወጣ?” አሉና ማሻአላህ ሳይሉ አህያቸውን ነድተው ሄዱ። በማግስቱ አበባው ሟሽሾ መሬት ላይ ተገኘ። የዱባ ሐረግ አስቀድሞ የሚያወጣው ወንዴውን አበባ ነው፤ ወንዴው አንድ ጠዋት ከፍቶ መውደቁ ልማዱ ነው። እናቴም ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዱባ ተክላለች። ፍርሃት ሲገባ ግን እውቀት ከቤት ይወጣል፤ እኔም ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው ይህን ያወቅሁት።

ከዚያ በኋላ ነው ዱባውን ማልበስ የጀመረችው። ጎረቤታችን ሐቦባ ዘይነብ የሰጧትን አሮጌ ሰማያዊ ቶብ አባቴ ከቤት እንደወጣ ችካል ላይ አድርጋ በሐረጉ ላይ ትዘረጋዋለች፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ትጭነዋለች፤ ቀትር ላይ ዙህር ተሰግዶ የውሃ ጋሪዎቹ ሲያበቁ ደግሞ ገልጣ አጣጥፋ ትራሷ ሥር ታስቀምጠዋለች። አባቴ በዓይን ነገር ስለሚስቅባት አልነገረችውም። እሱ ሲመለስ የሚያየው አረንጓዴ ሐረግ ነው። ነገር ግን ዱባ አበባውን የሚከፍተው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ረፋዱ ሲሞቅ ይከድነዋል። እናቴ ስትገልጠው እሱ ተከድኖ ይጠብቃታል።

ሴቴዎቹ አበቦች ሲመጡ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር የምታድግ የማትመስል ትንሽ ድብልብል ፍሬ ይዛ ነው የምትወለደው። እናቴ ጎንበስ ብላ በጣቷ ሳትነካ ታያታለች፣ ቢስሚላህ ትላለች፣ ታለብሳታለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ያቺ ድብልብል ቢጫ ትሆናለች፣ ጫፏ ይበሰብሳል፣ ትወድቃለች። ሌላዋም እንዲሁ። “አየሽ ሰዓዳ? በጨርቁም ውስጥ ያያል” ትለኝና በቶቡ ላይ ነጠላዋን ትደርባለች። የወደቁትን እየለቀመች መሬት ትቀብራቸው ነበር፤ ያኔ ሳየው ያስቀኝ ነበር፣ አሁን ግን አያስቀኝም።

ሐቦባ ዘይነብን ላስተዋውቃችሁ። ሐቦባ አያት ማለት ነው፤ ጉንጫቸው ላይ የድሮ ጠባሳ ያላቸው፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም የሱዳን ሴት ናቸው። ፍየሎቻቸው የሚያስተርፉት ነገር ስለሌለ ለሻይ የሚወዱትን ሪሃን የዘሩት በእኛ አጥር ውስጥ ነው፣ በመንገዱ በኩል፣ እናቴን ሳያስፈቅዱ። ሪሃኑ አድጎ ነጭ አበባ ሲያወጣ ከሰሊጡ ሜዳ ንብ ይመላለስበት ጀመር። እናቴ ግማሽ ዐረብኛ ግማሽ አማርኛ በሆነው በእነሱ በሁለቱ ቋንቋ በየቀኑ ትማጸናቸዋለች።

“ሐቦባ፣ ይችን ሪሃን ይንቀሉልኝ። ንቡ ልጄን ሊገድልብኝ ነው።”

“ቡክራ።” ነገ ማለት ነው።

“ትናንትም ቡክራ ብለውኛል።”

“የትናንቱ ለዛሬ ነበር፣ የዛሬው ለነገ ነው። ይልቅ አንች ሙሽራሽን ግለጭያት፤ ታፍና ልትሞት ነው።”

ክረምቱ እያለቀ ሄደ። ሐረጉ ላይ የቀሩት ሴቴ እንቡጦች ትንሽ ነበሩ፣ ቅጠሉም ከሥሩ መድረቅ ጀምሮ ነበር። ልክ በዚያ ሰሞን ገዳሪፍ ያለችው አክስቴ ወለደች የሚል መልእክት መጣ፤ እህት ወልዳ አለመሄድ አይቻልም። እናቴ ዶሮዋን ይዛ ሎሪ ላይ ከመውጣቷ በፊት ጆሮዬን ወደ አፏ ስባ አደራዋን አወረደችው። “አባትሽ ሲወጣ አልብሻት፣ ዙህር ሲሰገድ ግለጫት። ለማንም አትንገሪ። ሪሃኑ ዘንድ ድርሽ እንዳትይ።” ያን ሁሉ አገር የሰጠችኝ ያህል ነው የከበደኝ። ከእሷ የወረስኩት ፍርሃት ያኔም ሙሉ ነበር።

በዚያው ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ፣ ከዝናቡ ፊት የሚመጣው ነፋስ ተነሳ። ጎጇችን ተንቀጠቀጠች፣ የራኩባው ሣር ግማሹ ሄደ። እናቴ ስትሄድ ቶቡን እኔ እንዳገኘው ብላ በአጥሩ ላይ አንጠልጥላው ነበር፤ ሲነጋ ብወጣ ከእሾሁ ላይ የቀረው ለእጅ መጥረጊያ የማይበቃ ሰማያዊ ቁራጭ ነው። ሐረጉ ግን አልተነካም። ሌሊቱን ዘንቦበት ጥርት ብሎ፣ አበባዎቹን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ሁለቱ ሴቴ ነበሩ፣ እርቃኑን ተኝቷል። ያን ያህል ውብ ነገር ያን ያህል አስፈርቶኝ አያውቅም። እያለቀስኩ ወደ አባቴ ዱካን ሮጥኩ።

አባቴ ሥራውን ለጎረቤት ነጋዴ አስጠብቆ መጣ። በዚያ ክረምት ጓሮውን በጠዋት ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

“ማን ነው ዱባ የሚያለብሰው?” አለ ችካሎቹንና እሾሁ ላይ የቀረውን ቁራጭ እያየ።

ምስጢሩን ከእንባዬ ጋር አፈሰስኩት። ይስቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ሐረጉ አጠገብ ቁጭ አለ። አባቱ በጭልጋ ከዋንዛ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነበር፣ እሱም ልጅነቱን በንብ መካከል ነው ያሳለፈው።

“ንብ ያልገባበት አበባ ሰው የሌለበት ቤት ነው” አለኝ፤ “ማን ይወለድበታል? እናትሽ ከዓይን አዳነቻት፣ ከንብም አዳነቻት፤ ከሁሉ ስላዳነቻት መካን አደረገቻት።”

“ዐም ኢድሪስ ቢያዩዋትስ?”

“አንች ጠባቂ ሁኚ። ሲያደንቁ ማሻአላህ በሉ በያቸው።”

“ንቡስ?”

ይህኛውን አሰበበት። ወደ ቤት ገብቶ የራሱን ጋቢ አመጣና ከዓይኔ በቀር ሁለንተናዬን ጠቀለለኝ፣ ራኩባው ሥር አስቀመጠኝ፣ ሄደ። እንዲህ ሆነና ዱባው ተገልጦ እኔ ተሸፈንኩ።

እነዚያን ጠዋቶች የማስታውሳቸው በጋቢው ቀዳዳ በኩል ነው። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ከዚሩ ሥር የውሃው ጠብታ ይሰማል፣ የረጠበው አፈርና የሪሃኑ ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል። ንቦቹ በሰሊጡ በኩል መጥተው መጀመሪያ ሪሃኑ ላይ ያርፋሉ፤ ገበያ የመጣ ሰው ከመግባቱ በፊት በር ላይ ካገኘው ጋር ሰላም እንደሚባባል ያለ ነው። ከዚያ አንዷ ብድግ ትልና ቢጫውን ታያለች። የዱባው አበባ ጥልቅ ስለሆነ ጭንቅላቷን አስገብታ ገብታ ትጠፋለች፣ ውስጥ ሆና ታጉረመርማለች፣ ስትወጣ እርድ ዱቄት ውስጥ የወደቀች ትመስላለች። ያንን ይዛ ሄዳ ሴቴዋ ውስጥ ትገባለች። አንድ ትልቅ ጥቁር ንብም ነበር፣ እንደ ጥንዚዛ ያለ፣ ሲያርፍ አበባው ከክብደቱ የተነሳ ጎንበስ ይላል። ያ ሲመጣ እኔ ዓይኔንም እሸፍናለሁ።

ዐም ኢድሪስ አልቀሩም። የጋሪያቸው መንኮራኩር ሲያንቋርር ጋቢውን አጥብቄ ያዝኩ። አህያቸውን አቆሙ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ገልጣችሁታል። ያ ሰላም፣ ያ ሰላም፣ እንዴት ያለ...”

“ዐም ኢድሪስ፣ ማሻአላህ ይበሉ” አልኩ ከጋቢው ውስጥ።

ዞር ዞር አሉ። “ማን ነው የተናገረው? ዱባው ነው?”

“እኔ ነኝ፣ ሰዓዳ።”

“ምን ሆነሽ ነው የተጠቀለልሽ፣ ልጄ? አሞሻል?”

“አላመመኝም። ማሻአላህ ይበሉልኝ።”

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ ማሻአላህ አሉ፤ ለዱባው አሉ፣ ለባምያው አሉ፣ ለእኔም ለጋቢው አሉ፣ አህያቸውንም ጨመሩ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሲያልፉ ገና ከሩቅ ጀምረው እየጮሁ ነው የሚመጡት። ቀድሞ ሳይሉ የቀሩት ማሻአላህን ጠልተው ሳይሆን፣ አድናቆታቸው እንደሚያስፈራ ማንም ነግሯቸው ስለማያውቅ ነበር።

አበባዎቹ ረገፉ። ከሥራቸው ያሉት ድብልብሎች ግን አልተንቀሳቀሱም። ቢጫ እስኪሆኑ ጠበቅሁ፤ አልሆኑም። አንገታቸው ወፍሮ ወደ መሬት ዞረ፣ ቆዳቸው ቅባት የተቀባ መስሎ አበራ። የእኔም ዓይን እንዳይጎዳቸው ብዬ በቀጥታ አላያቸውም ነበር፤ ሌላ ነገር የማይ መስዬ በጎን በኩል ነው የማያቸው።

እናቴ ስትመለስ ጓዟን እንኳ አላወረደችም፣ በቀጥታ ጓሮ ገባች። እኔ ራኩባው ሥር ቀረሁ። ባዶዎቹን ችካሎች አየች። ከዚያ ዝቅ ብላ ቅጠሉን ገለጥ አደረገች፤ አንዱ የጡጫ ያህል፣ ሌላው ከዚያ ያነሰ፣ ሦስተኛውም እኔ ያላየሁት ከባምያው ሥር ተሸሽጎ ነበር። እዚያው ቁጭ አለች።

“ቶቡስ?”

“ነፋስ ቀደደው።”

“መቼ?”

“የሄድሽ ዕለት ማታ።”

አባቴ ከኋላችን መጥቶ ቆሞ ነበር። “ንቡ ነው” አላት፣ ቀስ ብሎ።

ተነሳች። ዱባውን አየች፣ መንገዱን አየች፣ በመንገዱና በዱባው መካከል ያለውን ሪሃን አየች። ፊቷ ላይ ነገሩ ሲገባትና ሲወጣ ይታየኝ ነበር። “ንቡ አይደለም” አለች፤ “ሪሃኑ ነው። በመንገድ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሪሃኑን ነው። ዓይኑ እዚያ ላይ ይሰበራል፤ ዱባው ዘንድ ሲደርስ ጉልበት የለውም።” አባቴ አፉን ከፈተ፣ አየኝ፣ ዘጋው። “እሽ፣ እንዳልሽው” አለና ጓዟን አንስቶ ገባ። በትዳር ብዙ ዓመት የቆየ ሰው የትኛውን ክርክር መሸነፍ እንዳለበት ያውቃል።

እናቴ ከዚያው ወደ ሐቦባ ዘይነብ ሄደች። የሪሃን ዘር ልትለምን ነው።

“እኔ እኮ ቡክራ ልነቅለው ነበር” አሉ ሐቦባ፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ሳቅ ሳይታይ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ የእናቴ ጓሮ በሪሃን ተከበበ። ለዓይን ማስቀሪያ ብላ ሱፍ በጥግ በጥጉ ተከለች፣ ድንብላሉንም ሳትነቅል አበባ እስኪያወጣ ተወችው፤ ሁሉም “ዓይን የሚይዝ” ነገር ሆነ። ኩበት ማጨሱን የሪሃኑን ሽታ ያበላሻል ብላ አቆመች። ንቡ ከእኛ ኩባያ እንዲርቅልኝ ብላ ደግሞ ከዚሩ ራቅ አድርጋ በሰፊ ገል ውሃ ታስቀምጥለት ጀመር፣ እንዳይሰምጥም ጠጠር ትጨምርበታለች። ከንብ ልትሸሽ ብላ ንብ ስትቀልብ ኖረች። እሷ ይህን አላለችም፣ እኛም አልነገርናት። ባምያው እጥፍ ሆነ፣ ቲማቲሙም በዛ፣ ዱባው አንድም ዓመት አላጣን። እኔንም ንቡ ደግሞ አልነደፈኝም፤ እናቴ ስለምታስቀምጥለት ውሃ ያውቃል እያልኩ አስብ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዱባዎች ትልቁን ቆርጣ ግማሹን ለዐም ኢድሪስ ላከች፤ ያደነቀ ሰው ከቀመሰ ዓይኑ ይጠግባል ይባላል። ዘሩን ግን አንድ ሳታስቀር አውጥታ ነው የላከችው። ዐም ኢድሪስ ቀምሰው በማግስቱ በራችን ላይ ቆመው ስለ ጣዕሙ ሲያወሩ እናቴ ከውስጥ ሆና ለቀሩት ሁለቱ ስትጸልይ ነበር።

እናቴ አሁን ቁረይሻ አፈር ውስጥ ናት። እዚያ ከሄድኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው ጎጇችን የነበረችበት ቦታ ሰሊጥ ተዘርቶበታል ይላል። ሐቦባ ዘይነብም ዐም ኢድሪስም ከሄዱ ቆዩ። አባቴ ከእኔ ጋር አርጅቶ እዚሁ ገዳሪፍ ነው ያረፈው፤ እስከ መጨረሻው “እናትሽ ናት ልክ” ሲል ነበር። ዘሩ ግን አለ። በየዓመቱ በአመድ ለውሼ፣ አይጥ በማይደርስበት በብረት ጣሳ አስቀምጠዋለሁ፤ እንደ እናቴም ሁሉንም በአንድ ክረምት አልዘራም። ከተማ ውስጥ የሰሊጡ ድምፅ የለም፣ ንቡም እንደዚያ አይበዛም፣ ስለዚህ ሪሃኑን ቀድሜ እዘራለሁ፣ በሳህን ላይ ጠጠር አድርጌ ውሃ አኖራለሁ፣ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ይመጣሉ፤ ለአንድ ሐረግ ይበቃሉ። ያጣሁት ሌላ ነው። በግንቡ በኩል ቀኑን ሙሉ ረክሻ ያልፋል፣ ሰውም ያልፋል፣ ቆሞ ያ ሰላም የሚል የለም። ዓይን ስንፈራ የኖርን ሰዎች ቆሞ የሚያይልንን ሰው እንናፍቃለን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቶቤን ወደ ትከሻዬ መለስኩት። አንዲት ንብ ከሪሃኑ ተነስታ ወደ ቢጫው አበባ ስትሄድ ሀያት እንዳስተማርኳት ወደ ኋላ ዘለለች። “ቁሚ፣ ካልነካሻት አትነካሽም” አልኳት፤ ልቤ ይመታ ነበር፣ ግን ድምፄ ደህና ነው የወጣው። ሁለታችንም ቆመን ንቧ ገብታ እስክትወጣ አየናት። ወጣች፣ እርድ ለብሳ።

“እማ፣ አክስቴ ግቢ አላት” አለች ሀያት፣ ስልኳን ዝቅ አድርጋ። “ከዚህ ዘር ትሰጭኛለሽ?”

ይህን እንደምትጠይቀኝ አላሰብኩም ነበር። ገብቼ ጣሳውን ከፈትኩ፣ ደህና ደህናውን መረጥኩ፣ በሻሿ ጫፍ ቋጠርኩላት። ከጎኑ ሌላ ቋጠሮ ጨመርኩ፣ ጥቃቅን ጥቁር ዘር።

“ይህኛውስ?”

“ሪሃን ነው። እሱን አስቀድመሽ ዝሪ፣ በመንገዱ በኩል።”

“ለንቡ ነው ወይስ ለዓይኑ?” አለች፤ ታሪኩን ታውቀዋለች።

“ለሁለቱም” አልኳት።